ፈታኝ ሆኜ ወደ ሆሳዕና

ከሆሳዕና ከተመለስኩ ሁለተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ጎረቤት «ጉዞው እንዴት ነበር?» ባለኝ ቁጥር ከመሃል ጀምሬ ስለምዘባርቅ፣ ባለቤቴ አልማዝ «እባክህ ከመነሻው ጀምረህ ጻፈውና ሁላችንም እንረፍ» አለችኝ። እነሆ ጻፍኩት። ወደዚያ አገር ብቅ የማለት ዕድል ለማይገጥማችሁ መንገዱንም፣ ምግቡንም፣ ያፈርኩበትንም ሳልደብቅ አስቀምጣለሁ።

አስቀድሜ የሄድኩበትን ጉዳይ ልናገር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ሃያ ዓመት አልፎኛል። በተለይ የአሥራ ዘጠነኛውን ክፍለ ዘመን፤ ቤት፣ ትዳርና ሕግ አንድ ላይ የሚፋጩበትን ልብ ወለድ። በዚያ ዘመን ብዙውን ጊዜ ያገባች አሜሪካዊት በሕግ ፊት የራሴ የምትለው ነገር አልነበራትም። ይዛ የመጣችውም፣ ሠርታ ያፈራችውም የባሏ ነበር። የዘመኑ ደራስያን፣ በተለይ ሴቶቹ፣ ይህን ጉድ በልብስ ስፌቱና በወጥ ቤቱ ወሬ መሃል እየሸጎጡ ጽፈውታል።

ሆሳዕና የተጠራሁት ከውጭ የመጣ ፈታኝ ሆኜ ነው። ተፈታኟ ምሕረት የምትባል የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት። የማስተርስ ጽሑፏ በአንድ የዚያ ዘመን ልብ ወለድ ላይ ነው፤ ባሏ ቅቤዋን ስለወሰደባት የገበሬ ሚስት። ሦስቱ ምዕራፎች ጥሩ ናቸው። አራተኛው ላይ ግን ልጅቷ ከአሜሪካ ድንገት ትነሣና ከምባታ ታርፋለች። የአገሯ ሴቶች ቅቤ የሚያጠራቅሙበትን «ዊጆ» የሚባል ማኅበር አምጥታ ከልብ ወለዱ ጎን ታቆመዋለች። እኔም ኅዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ቅቤ ምን አገባው?» ብዬ ጻፍኩ። በግምገማ ቅጹም ላይ «አራተኛው ምዕራፍ ወጥቶ፣ ጽሑፉ እንደገና ተሠርቶ ይቅረብ» የሚል ውሳኔዬን አሰፈርኩ። መፈረም ብቻ ነበር የቀረኝ።

ከጽሑፉ ጋር በተላከልኝ ደብዳቤ ላይ አንዲት መስመር ነበረች። ተፈታኟ በመሃል ወልዳ ስለነበር ጊዜ ሁለት ጊዜ ተራዝሞላታል፤ ይህ የመጨረሻው ነው፤ ጽሑፉ ከተመለሰ ምዝገባዋ ይሰረዛል። የአራት ዓመት ልፋት ማለት ነው። አንብቤዋለሁ። ግን እኔ «ማዘን ያማረው ፈታኝ ለቅሶ ይድረስ» እያልኩ የምፎክር ሰው ነኝና መስመሯን አለፍኳት።

ማክሰኞ

ማክሰኞ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አየር ጤና መናኸሪያ ተገኘሁ። አልማዝ ሻንጣዬን ስታዘጋጅ ለወር የሚበቃ ካልሲና ለአንድ ቀን የሚበቃ ሸሚዝ አድርጋልኛለች፤ ይህን ያወቅኩት ግን ኋላ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ ከድር የሚባሉ ግዙፍ የወራቤ ነጋዴ ነበሩ። ከወንበሩ ሁለት ሦስተኛው የእሳቸው፣ የቀረው የእኔ ሆነ።

ቡኢ ከመድረሳችን በፊት የማነበውን ወረቀት አጮልቀው ሲያዩ ቆዩና «ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ስለ አሜሪካ ሴቶች ነው።»

«የአሁኖቹ ወይስ የድሮዎቹ?»

«የድሮዎቹ።»

«እና አልሞቱም እንዴ? ምን ያደርግልሃል?»

ሃያ ዓመት የደመወዜ ምክንያት የሆነ ሙያ እንዲህ ባጭሩ ሲጠየቅ ያስደነግጣል።

ቡታጅራ ላይ ለምሳ ወረድን። ተመልሼ ስመጣ ጋሽ ከድር ቀድመውኝ ተቀምጠዋል፤ የማንበቢያ መነጽሬን ደግሞ የተውኩት እሳቸው የተቀመጡበት ላይ ነበር። ሲነሡ መነጽሩ ሁለት ቦታ ሆኖ ወጣ። «ወላሂ አላየሁም!» ብለው ራሳቸውን ያዙ። እስከ ወራቤ ድረስ አንዴ በመርፌ ቁልፍ፣ አንዴ በማስቲካ ሊጠግኑት ታገሉ፤ እኔ አጽናኝ፣ እሳቸው ተጽናኝ ሆነን ተጓዝን። ሲወርዱ በፌስታል ሙሉ አቮካዶ ጭኔ ላይ አስቀመጡ። «ለመነጽሩ ካሣ አይሆንም፤ ግን ብላ» አሉኝ።

ሆሳዕና መናኸሪያ ስደርስ ገና ከመውረዴ አንዱ ሻንጣዬን፣ ሌላው ክንዴን ያዘ። «ዱራሜ! ዱራሜ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ የሚጮኸው ሰው ልክ ያ አንድ ሰው እኔ እንደሆንኩ ወስኗል። አንድ እግሬ ሚኒባሱ ውስጥ ሳለ «ፕሮፌሰር! ፕሮፌሰር!» የሚል ድምፅ አዳነኝ። የትምህርት ክፍሉ ተጠሪ መምህር ኤርሚያስ ነበር፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ሊስቅ የተዘጋጀ፣ የከምባታዋ አንጋጫ ልጅ።

«ዶክተር ብቻ ነኝ» አልኩት።

«ይደርሳሉ» አለና ሻንጣዬን ከአዳኞቹ ነጠቀ።

ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ካለች ካፌ አስቀምጦኝ ሻይ ካዘዘ በኋላ ነው መርዶውን የነገረኝ። ለነገ የተቀጠረው ፈተና ለዓርብ ተላልፏል። የፈታኞቹ ሰብሳቢ አጎት አርፈው መምህሩ ሁሉ ለቅሶ ላይ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ጠረጴዛ እደበድብ ነበር። እዚህ ግን ኤርሚያስ እንደ ዝናብ የሚያየው ነገር ነው፤ «ለቅሶ ሳይደረስማ እንዴት ይፈተናል?» አለኝ። ከዚያ ስለ ምሕረት አንድ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት እጄን አነሣሁ።

«ስለ ተፈታኟ አንድ ቃል እንዳትነግረኝ። ከፈተናው በፊት ምንም መስማት አልፈልግም።»

አፉን ገጠመ። «አንድ ቃል አይወጣኝም» አለ። እንዲህ ያለ ቃሉን አክባሪ ሰው መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅኩም።

ረቡዕ

ሆሳዕና ከፍታ ላይ ናትና ብርዷ አይናቅም። የሆቴሉ አስተዳዳሪ ወይዘሮ ሳልጠይቃት ሦስተኛ ብርድ ልብስ ጨምራልኝ፣ ጠዋት ደግሞ «አልበረደዎትም?» ስትል እንደ ዘመድ ጠየቀችኝ። በእኛ ኮንዶሚኒየም ከጎኔ ያለው ጎረቤቴ በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ጠይቆኝ አያውቅም።

ጠዋቱን መነጽር ፍለጋ አሳለፍኩት። ከተማዋ ለእግረኛ ትመቻለች፤ ባጃጁ፣ ከሌሞ ገጠር እህል ጭኖ የሚገባው የፈረስ ጋሪና የቢሮ ሠራተኛው በአንድ ጎዳና ሳይጣሉ ያልፋሉ። የመነጽር ቤቱ ባለሙያ የእኔን ቁጥር ሰምቶ ራሱን ነቀነቀና ከሰኞ በፊት አይደርስም አለኝ። መንገድ ዳር የሚሸጠው ጎልማሳ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ያለውን ሁሉ አፍንጫዬ ላይ ሞከረ። በመጨረሻው «አሁንስ?» አለኝ። «አሁን ሁለት ሆነሃል» አልኩት። «ታዲያ ከምንም አይሻልም?» ብሎ በሳቅ ሞተ።

ምሳ ኤርሚያስ ቤት ነበር። ባለቤቱ የሐድያ ልጅ ናት፤ በእንግዳ ወግ አተካና ሠርታ ጠበቀችኝ። አተካና ቡላ፣ ወተት፣ አይብና ቅቤ አንድ ላይ ተዋድደው የሚሠሩት የሐድያ የክብር ምግብ ነው። ሽታው ከበር ተቀበለኝ። ኤርሚያስ ቆሞ ጸለየ፤ ለጉዞዬ፣ ለቤተሰቤ፣ ለጤናዬ፣ በስም ጠርቶ ለመነጽሬም ጸለየ። አሜን ብዬ ዓይኔን ስከፍት ነው ቀኑ ረቡዕ መሆኑ ትዝ ያለኝ። እነሱ ጴንጤ፣ እኔ ኦርቶዶክስ፤ በእኔ በኩል ጾም ነው።

ስነግራቸው ባለቤቱ ራሷን ያዘች፤ እኔ ደግሞ ከእሷ በላይ አዘንኩ። ወዲያው ጎመን በዘይት ከቆጮ ጋር ቀረበልኝ፤ በጋሽ ከድር አቮካዶም ታገዝኩ። እነሱ አተካናውን ሲበሉ እያየሁ ጎመኔን አኘክሁ። ጾሜን እንደዚያ ቀን አጥብቄ ጾሜ የማውቅ አይመስለኝም።

«ነገ ግን አያመልጡንም» አለ ኤርሚያስ። «እናቴ አንጋጫ ናት። እንግዳ ይዤ ሆቴል እንዳሳደርኩ ሰምታለች። ካልወሰድኩዎት ቤቷ አታስገባኝም።»

ሐሙስ

ሐሙስ ጠዋት በሚኒባስ ወደ አንጋጫ ወጣን። መንገዱ ስንዴና ገብሱን፣ ከዚያ እንሰቱን፣ ከዚያ ደግሞ እንሰቱን ያሳያችኋል። እያንዳንዱ ቤት በእንሰት ታጥሮ፣ ቅጠሉ ከጣራው በላይ ወጥቶ፣ ጎጆው ከውስጥ ተደብቆ ይታያል። በእኔ ሰፈር አረንጓዴ ነገር ማለት በረንዳችን ላይ ያለችው አልማዝ በሻይ ቅጠል የምታሳድጋት አበባ ናት።

የኤርሚያስ እናት ወይዘሮ አየለች በራፉ ላይ ጠበቁን። በሰባዎቹ ውስጥ ያሉ፣ ወገባቸው ያልጎበጠ ሴት ናቸው። አማርኛን እየመረጡ፣ አሳጥረው ነው የሚናገሩት፤ እኔን ከመጀመሪያዋ ቃል ጀምሮ «አንተ» አሉኝ። ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እናቴ ካረፈች ወዲህ «አንተ» ብሎ የሚቆጣኝ ሰው አላገኘሁምና ደስ አለኝ።

እዚህ ላይ ነው ያጠፋሁት። መጸዳጃ ቤቱ በጓሮ በኩል ነው ብሎ ኤርሚያስ ሲጠቁመኝ፣ እኔ የሚታጠፈውን መንገድ ትቼ ቀጥ አልኩ። የእንሰቱን ቅጠል ገለጥ ሳደርግ አምስት ሴቶች ሳንቃ ላይ አስደግፈው እንሰት እየፋቁ ነው። ጩኸት ሆነ! አንዷ ቅጠል አንሥታ ከለለችኝ፤ ሌላዋ መፋቂያዋን እንደ ጦር ዘረጋችብኝ፤ እኔ ወደ ኋላ ስሸሽ ያዳለጠው እግሬ የተፋቀው እንሰት ውስጥ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ገባ።

ኤርሚያስ ከቤቱ ማዶ ቆሞ «ዶክተር፣ ይውጡ! ወንድ እዚያ አይገባም!» ይላል፤ ሊያወጣኝ ግን አንድ እርምጃ አይጠጋም። እንሰት መፋቅ የሴቶች ሥራ ነው፤ ቦታውም የእነሱ ነው። ባልም ቢሆን፣ ልጅም ቢሆን ዝር አይልም። በቤቷ ራስ የሆነች ሴት አይቼ አውቃለሁ፤ ወንድ ልጇ በገዛ ጓሮው ድንበር ላይ እንደ ጉምሩክ ቆሞ ሲለማመጥ ግን ማየቴ ነው።

ጫማዬ ታጥቦ፣ ሴቶቹም እጃቸውን ታጥበው በረንዳው ላይ ሲሰበሰቡ ወይዘሮ አየለች ፍርዳቸውን አሰሙ።

«አጥፍተሃል። መቀጫ አለብህ።»

«ምን ልክፈል?»

«ምን ትሠራለህ አንተ? መምህር ነህ አይደል? የምታስተምረውን ንገረን። ጥሩ ከሆነ ምረናል።»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ከያዝኩት ጽሑፍ ሌላ ጭንቅላቴ ውስጥ ምንም ስላልነበረ፣ የዚያችን የአሜሪካ ገበሬ ሚስት ታሪክ ነገርኳቸው፤ ኤርሚያስ ወደ ከምባትኛ እየመለሰ። ሴትዮዋ ክረምት ከበጋ ላሟን እያለበች፣ ወተት ንጣ፣ ቅቤውን በጋን በጋን አድርጋ ታስቀምጣለች። ልጇን ትምህርት ቤት ልትልክበት ነው። አንድ ቀን ከጓዳ ስትገባ ጋኖቹ የሉም፤ ባሏ በፈረስ ኮርቻ ለውጧቸዋል። ወደ ዳኛው ትሄዳለች። ዳኛው ደግ ሰው ነው፤ ወንበር ይስብላትና ቅቤውም፣ መናጫውም፣ የናጠው እጅ ድካምም በሕግ የባሏ መሆኑን በትሕትና ያስረዳታል። ቤቷ ትመለሳለች። በማግስቱ ጠዋት ላሟን ስታልብ መጽሐፉ ያልቃል።

ሃያ ዓመት ተማሪዎቼ ይህን ታሪክ ሲሰሙ ስለ ዳኛው ይጠይቁኛል፣ ስለ ሕጉ ይጠይቁኛል፣ ፈተና ላይ ይመጣ እንደሆነም ይጠይቁኛል። በረንዳው ላይ ግን ስለ ዳኛው የጠየቀ አልነበረም።

«ባልንጀሮቿስ?» አለች መፋቂያዋን የዘረጋችብኝ ሴት።

«የምን ባልንጀሮች?»

«የቅቤ ባልንጀሮቿ ናቸዋ። ቅቤውን ለብቻዋ ነው እንዴ የምታጠራቅመው?»

ወይዘሮ አየለች አስረዱኝ። እዚህ የአንዲት ሴት ወተት ብቻውን ቢናጥ ጠብ የሚል ነገር የለውም። ስለዚህ ሰባት ሆነው ይማማላሉ፤ ዛሬ የሁሉም ወተትና ቅቤ ለአንዷ፣ በሚቀጥለው ለሌላዋ፣ በተራ። ዊጆ የሚሉት ይህ ነው። የዊጆ ቅቤ ላይ ባል እጁን አያሳርፍም። ቢደፍርስ? ሴቶቹ ሁሉ ተያይዘው ሄደው ግቢው ውስጥ ቁጭ ይላሉ። አይሰድቡም፣ አይማቱም፤ ብቻ ቁጭ። ቅቤው እስኪመለስ ማንም ቤቷ ሄዳ እሳት አታነድም፤ የሌሎቹም ባሎች ጦማቸውን ሊያድሩ ነውና እነሱው ተሯሩጠው ያስመልሱታል።

«ሆኖ ያውቃል?» አልኩ።

«አንዴ» አሉና ወደ ኤርሚያስ እያዩ ሳቁ። «የዚህ አባት ነው።»

ኤርሚያስ ይህን ሳይተረጉም አለፈ።

«ሰባት ናችሁ ብለውኝ የለ? የማያችሁ ስድስት ናችሁ» አልኩ።

«አንዷ ፈተና አለባት» አሉ ወይዘሮ አየለች፤ ወዲያውም ምሳ ይቅረብ አሉ። ምሳው ክትፎ፣ አይብ፣ በቅቤ የራሰ ቆጮ ነበር። ጸሎቱ ረዘመ፤ እኔም የረቡዕን ቂሜን ተወጣሁ። ምን ያህል እንደበላሁ አልማዝ ይህን ስለምታነብ አልጽፍም።

ከምሳ በኋላ ሰዉ ሲበተን ከቦርሳዬ ጽሑፉን አወጣሁ። የሴቲቱ «ባልንጀሮቿስ?» ጆሮዬ ላይ ቀርቶ ነበር። ወረቀቱን አንዴ አርቄ፣ አንዴ አቅርቤ ሳፈጥበት ወይዘሮ አየለች አዩኝና ገቡ፤ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡበትን መነጽር ይዘው ወጡ። ጠርዙ ሐምራዊ ነው፤ ከጆሮ ጀርባ የሚያልፍ ክር አለው።

«ያዝ። ዓርብ ማታ መልስ» አሉኝ። ልክ የእኔ ቁጥር ነበር።

በረንዳው ላይ ተቀምጬ አራተኛውን ምዕራፍ እንደገና አነበብኩት። መጀመሪያ ያነበብኩት አዲስ አበባ፣ ሃምሳ የፈተና ወረቀት ሳርም ከርሜ ነው፤ አሁን ሳየው ያነበብኩት ሳይሆን የገለጥኩት መሰለኝ። ምሕረት የጻፈችው ተራ ማነጻጸር አልነበረም። የልብ ወለዱ ሴት የተሸነፈችው ዳኛው ፊት ብቻ አይደለም፤ ከዳኛው በፊት ብቻዋን ናት ትላለች። በመጽሐፉ ውስጥ ጎረቤት ሴት የሌለው ለምንድን ነው? ደራሲዋ ቤቱን እንደ ደሴት የሳለችው ሕጉ ቤቱን ደሴት ስላደረገው ነው። ሕግ ቤት ውስጥ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለማወቅ፣ ግቢ ውስጥ መጥቶ የሚቀመጥ ሰው መኖር አለመኖሩን እዩ ትላለች። በዚህ አንቀጽ ጎን የእኔ ቀይ ጽሑፍ አለ፦ «ቅቤ ምን አገባው?»

አፈርኩ። በጣም አፈርኩ። ሃያ ዓመት ያስተማርኩትን መጽሐፍ አንዲት መምህርትና ስድስት እንሰት ፋቂዎች እኔ ባላየሁት በኩል ገብተውበታል። ያም ሆኖ ፈታኝ ነኝና አንድ ጥያቄ ውስጤ ቀረ፤ ካልመለሰችው ምዕራፉ እንደ ሽርሽር ታሪክ አምሮ መቅረቱ ነው። ቅጹን ሳልፈርም ወደ ቦርሳዬ መለስኩት። በአሥራ አንድ ሰዓቱ ሚኒባስ ሆሳዕና ገባን።

ዓርብ

ዓርብ ጠዋት ሐምራዊ መነጽሬን አድርጌ የፈተናው አዳራሽ ገባሁ። ሰብሳቢው ከለቅሶው ተመልሰዋል፤ መነጽሩን አይተው እንዳላዩ ሆኑ። ምሕረት ፊት ለፊት ቆማለች፤ አጭር ሴት ናት፣ ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛለች። ዓይኔን ወደ ኋላ ወንበሮች አሻገርኩ። ወይዘሮ አየለች፣ መፋቂያ የዘረጋችብኝ ሴትና አራቱ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ተደርድረዋል።

ኤርሚያስን በዓይኔ ጠራሁት። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ሰባተኛዋ እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

«ለምን አልነገርከኝም!»

«አንድ ቃል እንዳትነግረኝ ብለውኛል።»

አንድ ነገር ወደ ኋላ መለስ ብዬ አስታወስኩ። እነዚያ ሴቶች ሐሙስ ሙሉውን ማን እንደሆንኩ ያውቁ ነበር። ባልንጀራቸው በእኔ ፊርማ እንደምትወድቅ ወይም እንደምታልፍ ያውቁ ነበር። አበሉኝ፣ ሳቁብኝ፣ ጫማዬን አጠቡልኝ፤ አንዲቷም «እባክህ» አላለችኝም። እኔ በተራዬ እንዲህ እታገሥ ነበር ብዬ ለመናገር አልደፍርም።

ለሰብሳቢው ጉዳዩን በግልጽ ተናገርኩ፤ ሳላውቅ የተፈታኟ ወዳጆች ቤት ምሳ በልቻለሁ፣ ካስፈለገ ልነሣ አልኩ። ሰብሳቢው ሌላውን ፈታኝ አማክረው «እዚህ አገር ማን ማን ቤት በላ ካልን ፈታኝ አናገኝም። በክርክሩ ይፍረዱ» አሉ።

ክርክሩ በእንግሊዝኛ ነው። ኋላ የተቀመጡት ሴቶች አንዲት ቃል አይገባቸውም፤ ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊታችንን እያዩ ተከታተሉት። ሌላው ፈታኝ ሲጨርሱ ተራው የእኔ ሆነ።

«በዊጆ ቅቤው የሴቷ ነው ብለሻል» አልኳት። «ግሩም ነው። ላሟስ? ላሟ የምትግጥበት መሬትስ? አሜሪካዊቷን ብቻዋን አገኘናት ብለሽ የአገርሽን ሴቶች ግን ሁሉም ነገር የተሟላላቸው አድርገሽ አላቀረብሽም?»

ምሕረት ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«አላቀረብኩም» አለች። «መሬቱ በዛሬው ሕግ የሁለቱም ነው፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ግን ቅቤዋ ሲወሰድ የሚመጣላት ማኅበር አለ፤ መሬቷ ሲወሰድ የሚመጣላት ማኅበር እስካሁን አላየሁም። ለአሜሪካዊቷ ሕግ ጎደላት፤ ለእኛ ሕጉ መጥቷል፤ ለመሬቱ አብሮን የሚቀመጥ ሰው ግን ጎደለን። ምዕራፉን የጻፍኩት እኛ እንሻላለን ለማለት አይደለም። አንዷ የሌላዋን ጉድለት እንድታሳይ ነው።» ቀና ብላ አየችኝ። «ይህን ምዕራፍ ካወጣሁት መጽሐፉን ለምን እንዳነበብኩት እኔም አላውቅም።»

ሌላ ጥያቄ የለኝም አልኩ።

ተፈታኟና ታዳሚው ወጡ። እኛ ሦስታችን ቀረን። ያመጣሁትን ቅጽ አወጣሁና ለባልደረቦቼ አሳየኋቸው፤ ምን ወስኜ እንደመጣሁና ለምን እንደተሳሳትኩ ነገርኳቸው። ከዚያ ከላይ እስከ ታች ሰረዝኩት። አዲስ ቅጽ ተሰጥቶኝ «አራተኛው ምዕራፍ እንዳለ ይቆይ፤ የመሬቱ ጉዳይ በአንድ ገጽ ይጨመር» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ሰብሳቢው ተፈታኟን ጠርተው «አልፈሻል» አሏት። ዞራ በሩን ከፈተችና በከምባትኛ አንዲት ቃል ወደ ውጭ ጮኸች።

እልልታው የአዳራሹን መስኮት አነቃነቀው። ሴቶቹ ገቡ፤ አቀፏት፣ አገላብጠው ሳሟት፤ አንዷ ከቅጠል ቅቤ አውጥታ አናቷ ላይ አደረገችላት። ምሕረት ስታለቅስም ስትስቅም ቅቤው በግንባሯ ወረደ። ሰብሳቢው ወረቀታቸውን ከቅቤው ለማዳን ከፍ አድርገው ያዙ። እኔም እያጨበጨብኩ ነበር፤ ዕንባዬ በሐምራዊው መነጽር ስር እንደወረደ ኤርሚያስ ነው ኋላ የነገረኝ።

በዚህ መሃል ወይዘሮ አየለች እጄን ይዘው ወደ ጥግ ሳቡኝ። መነጽራቸውን የሚጠይቁኝ መስሎኝ ከዓይኔ ማውለቅ ጀመርኩ።

«ቆይ» አሉኝ። «ያቺ ሴትስ? ቅቤዋን መለሱላት?»

«ሕጉ ኋላ ተለወጠ» አልኳቸው። «ብዙ ሴቶች ጻፉ፣ ተሟገቱ፣ በየግዛቱ ቀስ በቀስ አስለወጡት። ያገባች ሴት ያፈራችው የራሷ ሆነ።»

«እሷ በሕይወት እያለች?»

መጽሐፉ ይህን አይናገርም። ልዋሽላቸው ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። «የደረሰችበት አይመስለኝም» አልኩ።

ወይዘሮ አየለች ወደ ሴቶቹ ሄደው የሰሙትን ነገሯቸው። ሳቁ ጋብ አለ፤ ምሕረትም ቅቤውን ከዓይኗ ላይ ጠርጋ ሰማቻቸው። ሰባቱም እርስ በርስ ተያዩና አንድ ጊዜ፣ ከፊተኛው ለስለስ ያለ፣ ረጅም እልልታ አሰሙ።

«ይሄኛው ለማን ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ለእሷ ነዋ» አሉኝ ወይዘሮ አየለች። «ሳንሰማ ቀርተን ነው እንጂ፣ እንመጣላት ነበር።»